ለባዕድ የተረፈ ምሕረት

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል የአገራችን ሰው። ሳል የያዘው ሌባ ገና ከጎተራው ሳይደርስ ራሱን ያጋልጣል፤ ቂም የቋጠረ ሰው ጸሎትም እንዲሁ ከቤተ መቅደሱ ደጅ አያልፍም ማለት ነው። ተረቱን የማያውቅ የለም። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሌላው ሰው ቂም እንጂ ስለ ራሳችን አለመሆኑ ነው።

ክርስትና የአክሱም ነገሥታት ሃይማኖት ከሆነ ከ1,600 ዓመት በላይ አልፎታል። እርስ በርስ የመዋደድ ትእዛዝ በዚህ ሁሉ ዘመን ከቅዳሴው ተለይቶ አያውቅም። ሥጋ ወደሙ ከመሰጠቱ በፊት ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላም እንዲባባሉ ይታዘዛሉ፤ የተጣላም ታርቆ እንዲቀርብ ይነገረዋል። ለመሆኑ ይህ ትእዛዝ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ወጥቶ ወደ አደባባይና ወደ ቤተ መንግሥት የዘለቀበት ጊዜ አለን? ከዘለቀስ እስከ ምን ድረስ ዘለቀ? ይህን ለመመርመር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጥሩ መነሻ ነው።

በቀል የተፈራበት ቀን

ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ፋሲካ ካለፈ ገና 15 ቀኑ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ የገቡት በዚያን ዕለት ነው። ማርሻል ባዶሊዮ የፋሺስቱን ጦር አስከትሎ ከተማይቱን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበርና ልክ አምስት ዓመት ሞላ፤ አንድ ቀን አልጎደለም፣ አንድ ቀንም አልተረፈም።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀደም ብለው መግባት ይችሉ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ በጎጃም በኩል ወደ መሐል አገር ሲገሰግሱ ቆይተዋል። የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን የተረከበው መጋቢት 28 ቀን ሲሆን፣ በዚያው ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል እንዲዘገዩ ያደረጓቸው የእንግሊዝ አዛዦች ናቸው። ምክንያት አድርገው ያቀረቡት አንዱ ነገር ፍርሃት ነበር። በከተማይቱ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣልያኖች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ተቀምጠዋል። ንጉሡ አርበኞቻቸውን ይዘው ሲገቡ ሕዝቡ በደስታ ሰክሮ ደም ማፍሰስ ቢጀምር ማን ያቆመዋል? ነበር ሥጋታቸው።

ሥጋቱ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደብድበው ተገድለዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማይቱ የቄራ ያህል ሆና ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱትን 30,000 ሲል፣ ስለዚሁ ጉዳይ በ2009 ዓ.ም. መጽሐፍ ያሳተሙት ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሷቸዋል። በሚቀጥለው ግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ተራ ደረሰ። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን መረሸናቸውን ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በቴሌግራም አስታውቋል፤ ወዲያውም 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የካቲት 12 በአዲስ አበባ ጎጆዎች ላይ ቤንዚን እያርከፈከፈ እሳት የለቀቀው፣ ያገኘውን ሰው በዱላና በአካፋ ጨፍጭፎ የጣለው ወታደርና ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ብቻ አልነበረም። የመንገድ ሠራተኛው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ተራው ሲቪል ጣልያንም ገብቶበታል። እንግዲህ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ በሩን ዘግቶ ይንቀጠቀጥ የነበረው ያው ሲቪል ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁ ወይም አባቱ የተገደለበት ሰው ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቅ ሰው በከተማይቱ ሞልቶ ነበር።

ንጉሡ በዚያን ዕለት ያሰሙት ቃል በየዓመቱ ሲጠቀስ የኖረ ስለሆነ ሙሉውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ክፉ ስለተደረገባችሁ ክፉ አትመልሱ፤ ጠላት እስከ መጨረሻው ሰዓት እንዳደረገው ዓይነት ጭካኔ አድርጋችሁ የኢትዮጵያን ስም አታጉድፉ፤ ጠላት መሣሪያውን ፈትቶ በመጣበት መንገድ ይመለስ። ገና በጎጃም ሳሉም እጁን የሚሰጥ ጣልያን እንዳይነካ ለአርበኞቹ ዐውጀው ነበር። ቃሉ ከሐዋርያው ጳውሎስ ለሮም ሰዎች ከጻፈው መልእክት የተቀዳ እንደሆነ የሰማው ካህን ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል። መልእክቱ በመጀመሪያ የተጻፈላቸውም የሮም ሰዎች መሆናቸው የታሪክ ምጸት ነው።

ማዘዝ አንድ ነገር ነው፤ መታዘዝ ግን ሌላ። በዚያን ቀን የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው በሺዎች ተሰልፈዋል። አምስት ዓመት በዱር የኖረ ሰው በእጁ መሣሪያ፣ በፊቱ ጠላት፣ በልቡ ሐዘን ይዞ ሲቆም ንግግር ብቻውን አያግደውም። ሆኖም የተፈራው ፍጅት አልደረሰም። በጦርነቱ ግርግር እዚህም እዚያም የተገደለ ጣልያን አልነበረም አንልም። ነገር ግን አዲስ አበባ የካቲት 12ን በሚያዝያ 27 አልመለሰችም። ለዚህ ምስጋናው ለንጉሡ ብቻ ሳይሆን ስሙ ላልተጻፈው፣ ጣቱን ከምላጩ ላይ ላነሳው አርበኛ፣ የልጇን ገዳይ በመንገድ አይታ ፊቷን ላዞረችው እናት ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ነጭ ቀለም የተቀቡ የኢጣልያ መርከቦች ሴቶችን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ጭነው አፍሪካን በደቡብ ዞረው ወደ አገራቸው መለሷቸው። የቀረም አልጠፋ። መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ አናጢው ሰንብቶ ጋራዥ ከፈተ፤ ሙያውንም ለአገሬው ልጅ አስተማረ። ዛሬ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ከፒያሳ ወደ መርካቶ ሲወርድ ጎማው ቢተነፍስ ጎሚስታ ይፈልጋል፤ መካኒኩም ስለ ፍሪሲዮኑና ስለ ኩሽኔታው ይነግረዋል። የጠላት ቋንቋ ያለ አንዳች ቂም በአፋችን ውስጥ ቤቱን ሠርቷል።

ፍቅር ነበር ወይስ ፖለቲካ?

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ይህማ ፖለቲካ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነትም አለው። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ዙፋናቸው ገና አልጸናም። እንግሊዞች አገሪቱን በጦር አስተዳደር ይዘዋል። አንድ ቀን በከተማይቱ ውስጥ ነጭ ቢታረድ «ይኸው፣ ራሳቸውን ማስተዳደር አይችሉም» የሚል ሰበብ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የባለሙያውም ነገር አለ፤ መንገዱንና መኪናውን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ምሕረቱ ጥቅም ነበረው።

ነገር ግን ጥቅም ያለው ምሕረት ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ቂምን መተው እኮ በራሱ ጥቅም ያለው ነገር ነው። ደግሞም ጥላቻን መተው ፍትሕን መተው አልነበረም። ኢትዮጵያ የጦር ወንጀለኞቹን በፍርድ ለማቅረብ ሞክራለች። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ አሥር ሰዎች ሊከሰሱ እንደሚገባ ተቀብሎ ነበር፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ላይ ስለ ፈጸመው ግፍ ለፍርድ የቀረበ አንድም ሰው አልተገኘም። ኢጣልያ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የፓሪስ ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ፤ የቆቃ ግድብም ከካሣው ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተፈጸመ። የመርዝ ጋዙን ነገር የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው ገና በ1988 ዓ.ም. ነው። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም.። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት። እንግዲህ ይቅር ያለውና ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት በአንድ ፍጥነት አልተጓዙም። የአዲስ አበባ ሰው ግን በዳዩ እስኪጸጸት አልጠበቀም። የሚያዝያ 27 ክብርም እዚህ ላይ ነው።

የቅርቡ ሰው

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የሚያኮራ ታሪክ ነው። ዳሩ ግን ታሪክ የሚጻፈው ለኩራት ብቻ ከሆነ ግማሹ ይቀራል። ለጣልያን የተረፈው ምሕረት ለራሳችን ሰው ደርሶ ነበርን?

ነገሩን ከአድዋ እንጀምረው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ ሲገኝ 1,900 ያህል ጣልያኖች ተማርከዋል። መንገዱ ረጅም፣ ስንቁም የጎደለ ስለነበር ያልተንገላታ ምርኮኛ አልነበረም፤ በጠቅላላው ግን በየመኳንንቱ ቤት ተከፋፍለው፣ የቆሰለው ታክሞ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ውል ከተፈረመ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በዚያው ጦር ሜዳ ከጣልያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩ፣ በአብዛኛው ከመረብ ማዶ የመጡ አስካሪዎች ግን ነበሩ። ከእነዚህ 800 ያህሉ የቀኝ እጃቸውና የግራ እግራቸው ተቆረጠ። ሕጉ ለከዳተኛ የደነገገው ቅጣት ነው ተባለ። አስተውሉ፤ ወራሪው በሠራው ታክሞ ሲሄድ፣ ለወራሪው ያደረው ደሀ ግን እጁንና እግሩን ሰጥቶ ቀረ። የቆረጠውና የተቆረጠው ሰው ያለ አስተርጓሚ ይግባቡ ነበር።

ወደ 1933 ዓ.ም. እንመለስ። ጣልያኑ መሣሪያውን ፈትቶ ሲሄድ ከኋላው አንድ ትልቅ ጥያቄ ትቶ ሄደ፤ አርበኛና ባንዳ። አንደኛው በዱር፣ ሁለተኛው በጠላት ደመወዝ የኖሩ ሰዎች በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ አጥቢያ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኙ። መንግሥት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነበር። ለአንዱ ወገን ዝምታ ሆነ። ጽሕፈት የሚያውቅ፣ አስተዳደር የለመደ ሰው ያስፈልግ ነበርና ከጠላት ጋር የሠሩ አያሌ ሰዎች ምንም ሳይጠየቁ፣ ምንም ሳይናዘዙ ሹመት አገኙ። ለጣልያን አድረው የነበሩት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ እንኳ ደብረ ማርቆስ ላይ ለንጉሡ እጃቸውን ሰጥተው አዲስ አበባ በጥበቃ ሥር ተቀመጡ እንጂ አንገታቸው ላይ ገመድ አልገባም።

ለሌላው ወገን ግን ገመድ ነበር። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት በጎጃም ከጠላት ጋር ተናንቆ ያልተበገረ አርበኛ ነው። ከነፃነት በኋላ በሹመቱና በአስተዳደሩ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፤ በሶማ ተራራ ተከቦ ተያዘ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ በእድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። ከእስር ቤት ለማምለጥ ሲሞክር ተይዞ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ነው። ለጠላት ያደሩት ራስ ልጅና ጠላትን የተዋጋው አርበኛ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ገመድ አለፉ። ጣልያኑ መካኒክ በዚያን ሰዓት በጋራዡ ውስጥ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ይህን የምንለው በላይ አላመፀም፣ ወይም መንግሥት ሕግ የማስከበር መብት አልነበረውም ለማለት አይደለም። ሚያዝያ 27 ለሄደው ጠላት የተገኘው ልብ በአገር ለቀረው ወንድም ለምን እንዳልተገኘ ለመጠየቅ ነው።

ምክንያቱ አስቸጋሪ አይመስለኝም። ባዕድ ይሄዳል። መርከብ ላይ ይሳፈራል፤ ርስታችንን አይካፈልም፤ ሹመታችንን አይሻማም፤ በልጃችን ሠርግ ላይ ፊት ለፊት አይቀመጥም። እርሱን ይቅር ማለት ከባድ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ተደርጎ ያበቃል። ወንድም ግን አይሄድም። እርሱን ይቅር ማለት በየማለዳው የሚታደስ ሥራ ነው። ስለዚህ በወንድማችን ላይ የምናውቀው መንገድ ሁለት ብቻ ሆኖ ኖረ፤ ወይ ሸፋፍኖ ማለፍ፣ ወይ መቅጣት። የተሸፈነው ደግሞ አልዳነም። «ባንዳ» የሚለው ቃል ከ80 ዓመት በኋላም ለክርክር ሁሉ እንደ ድንጋይ ይወረወራል፤ የሚወረውረውም የሚመታውም በጣልያን ጊዜ አልተወለደም።

ሦስተኛው መንገድ

ሦስተኛ መንገድ ግን ነበረ፤ አለም። ከሮም ወይም ከለንደን የሚመጣ አይደለም። በገጠሩ ሰው ሲገደል ሽማግሌ ተቀምጦ ደም የሚያደርቅበት ሥርዓት ነው። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ይቀርባል፤ ያደረገውን በአንደበቱ ያምናል፤ የሟች ወገን ሐዘኑን ሳይሸፍን ይናገራል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ካህኑ መስቀሉን ይዞ ያስምላቸዋል። እዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ካሣ አለ፤ ምሕረትም አለ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሽማግሌው «ገና ነው» ይላል። መንደር የሚያውቀውን ይህን ጥበብ መንግሥታችን በ1933 ዓ.ም. ለአርበኛና ለባንዳ ሳይጠራው ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡትም አልጠሩትም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የቀድሞዎቹን ሹማምንት ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ ቀጥሎም ቀይ ሽብር ሲታወጅ፣ የተገደለውም የገደለውም ያው የአንድ አገር ሰው ነበር።

የእኛም ዘመን ከዚህ አላመለጠም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ፕሪቶሪያ ላይ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ውል እስኪፈረም ድረስ ስንቱን እንደበላ ሁላችንም እናውቃለን። ከምሽጉ በወዲህና በወዲያ የነበሩ ብዙ እናቶች አንድ ጾም ጾመዋል፤ ለአንዲት ማርያም ተስለዋል። ውል ተፈርሞም ጥይት በሌላ ማዕዘን አላባራም። ውል ተኩስ ያቆማል፤ ቂምን ግን አያነሳም። ቂምን የሚያነሳው የተደረገውን ሳይሸፍኑ ተናግሮ፣ የተጎዳውን ክሶ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይቅርታ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ቀን በየቤተ ክርስቲያናችን የሚደረገውን እናስታውስ። ካህኑ ዝቅ ብሎ፣ የወይራና የወይን ቅጠል በነከረበት ውሃ የምእመናንን እግር ያጥባል። መታሰቢያነቱ ለመጀመሪያው ሐሙስ ነው። በወንጌሉ እንደምናነበው እርስ በርስ የመዋደድ ትእዛዝ የተሰጠው በዚያች ሌሊት ነው። ትእዛዙ ስለ ሮማውያን ወታደሮች አልነበረም፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ለተቀመጡ ወዳጆች እንጂ። በማዕዱ ዙሪያ ደግሞ ይሁዳ ነበር። እግሩ ከሌሎቹ ጋር ታጥቧል፤ የሚያደርገው ነገርም አልተሸፈነለትም፤ ከመካከላችሁ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል ተብሎ ፊት ለፊት ተነግሯል። እውነቱም ፍቅሩም በአንድ ማዕድ ላይ ነበሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አባቶቻችን የዚህን ትምህርት ግማሽ፣ ያውም በጣም የሚከብድ የሚመስለውን ግማሽ፣ በተግባር አሳይተዋል። ልጃቸውን ለገደለ ባዕድ እጃቸውን አላነሱም። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ላይ አበባ ስናስቀምጥ ይህን እናስታውስ። ቀሪው ግማሽ የእኛ ዕዳ ነው። በሚመጣው ጸሎተ ሐሙስ እግራችንን ለካህኑ ስንዘረጋ፣ ከጎናችን የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከእርሱ ጋርስ ስንት ዓመት እንዳልተነጋገርን አንድ ጊዜ ዞር ብለን እንይ።